የካርቦን ዕዳ የሚሰላው ከድምሩ እንጂ ከዘንድሮው ጭስ አይደለም

ለክቡር ዋና አዘጋጅ፦

ጋዜጣችሁም ሆነ ሌሎች መገናኛ ብዙኃን በካይ አገሮችን በደረጃ ስትደረድሩ የምትጠቀሙት የዓመቱን ልቀት ነው። በዚያ ሰንጠረዥ ቻይና አንደኛ፣ አሜሪካ ሁለተኛ፣ ህንድ ሦስተኛ ናቸው። ቁጥሩ ስህተት የለበትም። ስህተቱ አንባቢው ከዚያ የሚደርስበት መደምደሚያ ነው፤ «እንግዲህ ጥፋቱ ወደ እስያ ዞሯል፣ ምዕራባውያኑም እየቀነሱ ነው፣ የድሮውን ማንሳት ምን ይፈይዳል?» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ሥራችን ይህንኑ ሂሳብ ማስላት ስለሆነ፣ የድሮው ጭስ ለምን እንደሚቆጠር፣ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ክፍያው ላይ ሲደረስም ቁጥሩ የቱ ጋ እንደሚጠመዘዝ መጻፍ ፈለግን። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከብት የሚያወጣው ሚቴን የተባለው ጋዝ አብዛኛው በአንድ ሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከአየር ላይ ይጠፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን እንደዚያ አይደለም። ከፊሉን ውቅያኖስና ዕፅዋት ይወስዱታል፤ የቀረው ለመቶዎች ዓመታት፣ ከእሱም ውስጥ ጥቂት የማይባለው ከሺህ ዓመት በላይ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ምድርን የሚያሞቃት ዘንድሮ የወጣው ብቻ ሳይሆን እስከ ዛሬ የወጣው ሁሉ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን፣ አይፒሲሲ፣ በስድስተኛው ሪፖርቱ እንዳስቀመጠው በየ1,000 ቢሊዮን ቶኑ ሙቀት ወደ 0.45 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል፤ ግምቱ ከ0.27 እስከ 0.63 ይሰፋል። ከ1850 እስከ 2019 ከነዳጅም ከመሬት አጠቃቀም ለውጥም የወጣው 2,400 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 1.08 ዲግሪ ይመጣል፤ ይህም በመሣሪያ ከተለካው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። መቀራረቡ ግን ሌሎች ጋዞች የሚጨምሩትን ሙቀት ከጭስ ጋር የሚወጣው ብናኝ ፀሐይን በመመለስ በአብዛኛው ስላካካሰው ጭምር ነው እንጂ ካርቦን ብቻውን ስለሚሠራ አይደለም።

በዚህ መለኪያ ድርሻውን ማውጣት ቀላል ነው። አሜሪካ ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይት፣ ከጋዝና ከሲሚንቶ ብቻ ወደ 430 ቢሊዮን ቶን አውጥታለች፤ ከእነዚሁ ምንጮች ከወጣው የዓለም ድምር ሩብ ይጠጋል። በ0.45 ሲባዛ 0.19 ዲግሪ ነው። ብሪታንያ ወደ 80 ቢሊዮን ቶን ትጠጋለች፤ ይህም 0.035 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ኢትዮጵያን ጨምሮ አርባ ከሚበልጡት በማደግ ላይ ባሉ አገሮች መጨረሻ እርከን የተመደቡት ሁሉ ከ1850 እስከ 2019 ከነዳጅና ከኢንዱስትሪ ያወጡት አንድ ላይ ተደምሮ ከመቶ 0.4 አይሞላም። የዕለቱን ገበያ ብቻ አይቶ የቆየውን ዱቤ ከመዝገብ የሚፍቅ ባለሱቅ የለም። የዓመት ሰንጠረዡ የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው።

«የመቶ ሃምሳ ዓመት ጭስ ማን መዝኖት ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጭሱን የመዘነ የለም፤ የተመዘነው ከሰሉ ነው። ማዕድን ማውጫዎች፣ ባቡሮችና ጉምሩክ ስለ ቀረጥና ስለ ገንዘብ ሲሉ መዝግበውታል። ብሪታንያ በ1913 ያወጣችው ከሰል 287 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በታሪኳ ከዚያ የበለጠ አውጥታ አታውቅም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የተቃጠለው ከሰል በቶን፣ ሲባዛ በካርቦን ይዘቱ፣ ሲባዛ በእርግጥ ነድዶ ባለቀው ድርሻ፣ ሲባዛ በ44 ለ12። የካርቦን የአቶም ክብደት 12፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪዩል ደግሞ 44 ስለሆነ አንድ ቶን ካርቦን ሲቃጠል 3.67 ቶን ጋዝ ይወጣዋል። 65 በመቶው ካርቦን የሆነና 98 በመቶው የነደደ አንድ ቶን ከሰል 2.3 ቶን ጋዝ ይሰጣል ማለት ነው። ጋዙ ከነዳጁ መክበዱ ብዙ ሰው ያስገርማል። ልዩነቱ ከአየር የተወሰደው ኦክስጅን ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ኪሎ እንኳ ሳይሞላ 2.7 ኪሎ ግራም ጋዝ የሚያወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስሌቱ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። የወጣው ከሰልና የተቃጠለው ከሰል አንድ አይደሉም፤ የ1913ቱ የብሪታንያ ከሰል ሩብ ያህሉ ለውጭ ገበያ ተጭኗል፣ ስለዚህ ጭሱ የሚመዘገበው በገዛው አገር ላይ ነው። ከሰል ኮክ ወደሚባለው የብረት ማቅለጫ ነዳጅ ተለውጦ ሲገባ ሁለት ጊዜ የመቆጠር አደጋ አለው። በዓለም አቀፍ መስመር የሚጓዝ መርከብና አውሮፕላን የሚያቃጥለው ነዳጅ ደግሞ በማንም አገር ድምር ውስጥ አይገባም፤ በግርጌ ለብቻው ይጻፋል። (የእኛው አየር መንገድ ወደ ውጭ ሲበር የሚያቃጥለው ኬሮሲን በኢትዮጵያ ድምር ውስጥ የለም። ስለ ሂሳብ ፍትሕ ስንከራከር ይህንንም አንርሳ።) ይህ ሁሉ ተስተካክሎ የነዳጁ መዝገብ ስህተት በዓለም ደረጃ ከመቶ አምስት ገደማ ወደ ላይም ወደ ታችም ነው። የባንክ ሂሳብ ያህል አይጠራም፤ ለክፍፍል ግን ከበቂ በላይ ነው።

መዝገቡን የሚመሰክርለት ሌላ ሰነድም አለ፤ እሱም አየሩ ራሱ ነው። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ኪሊንግ በሃዋይ ማውና ሎኣ ተራራ ላይ በ1958 መለካት ሲጀምር ወደ 315 ደርሶ ነበር፤ በ2024 ከ424 አልፏል። አንድ ነጥብ፣ ማለትም ከሚሊዮን አንዱ ቅንጣት፣ 7.8 ቢሊዮን ቶን ጋዝ ነው። የጨመረው 144 ነጥብ ሲባዛ በ7.8 ከ1,100 ቢሊዮን ቶን በላይ ይሆናል፤ ይህም በመዝገብ ከወጣው ድምር ከግማሽ ትንሽ ያንሳል፣ የቀረውን ባሕርና ደን ወስደውታል። ከሕያው ዕፅዋት የመጣ እንዳይባል ደግሞ ካርቦን 14 የሚባለው ዓይነት በአየሩ ውስጥ ያለው ድርሻ ከነዳጁ መብዛት ጋር ቀንሷል፤ ለሚሊዮን ዓመታት የተቀበረ ከሰልና ዘይት ውስጥ ካርቦን 14 አይገኝም። እሳተ ገሞራውም ቢሆን ካርቦን 14 ስለማይኖረው ይህ ማስረጃ ብቻውን አይለየውም፤ የሚለየው መጠኑ ነው፣ የዓለም እሳተ ገሞራዎች በዓመት የሚያወጡት ከሰው ልጅ ልቀት ከመቶ አንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው።

የሚያከራክረው እንግዲህ ድምሩ ሳይሆን መዝገቡ ከየት ይከፈት የሚለው ነው። ሀብታሞቹ «አያቶቻችን አያውቁም ነበር» ይላሉ። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ስቫንቴ አሬኒየስ የአየሩ ካርቦን እጥፍ ቢሆን ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ ያሳተመው በ1896 ነው። በ1965 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሳይንስ አማካሪዎች ጉዳዩን በሪፖርት አቅርበውላቸዋል። ይህም ይቅር ብንልና የአይፒሲሲ የመጀመሪያ ሪፖርት ከወጣበት ከ1990 ብንጀምር፣ ከ1850 እስከ 2019 ከወጣው ከመቶ 42 እጁ ከ1990 ወዲህ የወጣ ነው። ባለማወቅ የሚሸፈነው ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ብቻ ነው ማለት ነው፤ የተረፈው የተለቀቀው እያወቁ ነው።

በዚያው ልክ ሚዛኑን እኛም አናዛባ። ከ1990 ብቻ ቢቆጠር ቻይና ከአሜሪካ ትቀድማለች፤ በሕዝብ ብዛት ሲካፈል ግን አሜሪካ አሁንም በብዙ እጥፍ ትበልጣለች። የደን ምንጣሮና የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ሲጨመር ደግሞ ሰንጠረዡ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ብራዚልና ኢንዶኔዥያ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይገባሉ፣ የአፍሪካ ድርሻም ነዳጅ ብቻ ሲቆጠር ከመቶ 3 ገደማ የነበረው ወደ 7 ይወጣል። አገራችንም ብትሆን በ2011 ባወጣችው የአየር ንብረት ለውጥ የማይበግረው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010 ልቀቷን 150 ሚሊዮን ቶን አድርጋ ስትመዘግብ፣ ከመቶ 85 በላይ የሚሆነው ከእርሻ፣ በተለይም ከከብት፣ እና ከደን ነበር። የመሬት አጠቃቀሙ ስሌት ከነዳጁ ይልቅ እጅግ ብዙ ስህተት ይሸከማል፤ በ1890 ስንት ሄክታር ደን እንደተመነጠረ የጉምሩክ ደረሰኝ የለምና። ሁለቱን መዝገቦች ሳይለዩ እንደመቹ እየጠቀሱ መከራከር በእኛም በእነሱም በኩል የተለመደ ማጭበርበሪያ ነው። የትኛው መዝገብ እንደሆነ ያልተነገረለት የመቶኛ ድርሻ ካያችሁ አትመኑት።

ድምሩን ለክፍፍል የመጠቀም ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1997 የኪዮቶ ስምምነት ሲረቀቅ ብራዚል፣ እያንዳንዱ የበለጸገ አገር የሚቀንሰው ልቀት ለሙቀቱ ባደረገው ታሪካዊ አስተዋጽኦ ልክ ይሁን ብላ ቀመር አቅርባ ነበር። ቀመሩ ወደ ሳይንስ ኮሚቴ ተመርቶ እዚያው ቀረ። በስምምነቱ የገባው በድርድር የተሰጠ የመቶኛ ኮታ ነው። አሜሪካ ፈርማ አላጸደቀችውም፤ ካናዳ አጽድቃ በ2011 መውጣቷን አስታወቀች።

ከዚያ በፊት የ1992ቱ የአየር ንብረት ማዕቀፍ ስምምነት «የጋራ ግን የተለያየ ኃላፊነት» የሚለውን መርህ አንቀጽ 3 ላይ አስፍሮ፣ ገንዘብ የመክፈል ግዴታ ያለባቸውን በአባሪ ሁለት ዘርዝሯል። ዝርዝሩ የተቀዳው በዚያን ጊዜ ከነበረው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት፣ የኦኢሲዲ፣ አባልነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልተጨመረበትም። ኳታር፣ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ፣ ሲንጋፖር፣ ደቡብ ኮሪያ የሉበትም። የኛ እምነት ግልጽ ነው፤ የነፍስ ወከፍ ገቢያቸውም ድምር ልቀታቸውም የደረሰ ሁሉ ወደ ዝርዝሩ ሊገባ ይገባል፣ ቻይናም ሳትቀር። ነገር ግን «ቻይና ካልከፈለች እኛም» የሚለው መልስ አይሆንም፤ ቻይና አለመክፈሏ የአሜሪካን 430 ቢሊዮን ቶን አይቀንሰውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በ2009 በኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአፍሪካን ቡድን መርተው ሲደራደሩ፣ የበለጸጉት አገሮች በማደግ ላይ ላሉት እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር የሚለውን ቃል ገቡ። በቀጣዩ ዓመትም መለስ ከኖርዌዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ዬንስ ስቶልተንበርግ ጋር ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያጠናውን የተባበሩት መንግሥታት አማካሪ ቡድን በሊቀ መንበርነት መርተዋል። በኦኢሲዲ ቆጠራ መሠረት 2020 ላይ የተገኘው 83.3 ቢሊዮን፣ በ2021 ደግሞ 89.6 ቢሊዮን ነበር፤ በሁለት ዓመት ዘግይቶ በ2022 ወደ 115.9 ቢሊዮን ደረሰ። ጋዜጦች «ቃሉ ተፈጸመ» ብለው ጻፉ።

ውስጡን እንክፈተው። ከ115.9 ቢሊዮኑ የመንግሥታትና የልማት ባንኮች ገንዘብ 91.6 ቢሊዮን ነው። ከዚህ ከመቶ 69 እጁ ብድር ነው፤ ልገሳው 28 በመቶ፣ ማለትም 26 ቢሊዮን ገደማ። ብድሩ ደግሞ የሚመዘገበው በሙሉ ዋጋው ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እናሳይ።

100 ሚሊዮን ዶላር በ3 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት፣ በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ዋናውን ገንዘብ እየመለሱ ለመክፈል ተበደርን እንበል። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 3 ሚሊዮን ነው፤ ዋናው እየቀነሰ ሲሄድ ወለዱም እየቀነሰ የ20 ዓመቱ ወለድ በድምሩ 31.5 ሚሊዮን ይሆናል። የምንመልሰው 131.5 ሚሊዮን ነው። ከዚህ ውስጥ ስጦታው ስንት ነው? የወደፊቱን ክፍያ ወደ ዛሬ ዋጋ ለመመለስ 5 በመቶ ዲስካውንት ሬት ብንጠቀም፣ የክፍያው የዛሬ ዋጋ ወደ 85 ሚሊዮን ይመጣል። ስጦታው እንግዲህ 15 ሚሊዮን ብቻ ነው። ኦኢሲዲ ለድሃ አገር የተሰጠ ብድርን በልማት እርዳታነት ሲመዝን የሚጠቀመው 9 በመቶ ነው፤ በዚያ ቢሰላ ስጦታው 36 ሚሊዮን ይሆናል። ሬቱን ብቻ በመለወጥ ስጦታው ከእጥፍ በላይ ማደጉን ልብ በሉ። በዚህም ለጋስ ስሌት እንኳ ብድሩ የልማት እርዳታ ተብሎ አይመዘገብም፤ ለድሃ አገር ቢያንስ 45 በመቶው ስጦታ መሆን አለበት ይላል የራሳቸው ደንብ። በአየር ንብረት መዝገብ ግን ያው ብድር 100 ሚሊዮን ተብሎ ይገባል።

ይህ ለኢትዮጵያ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። አገሪቱ በታኅሣሥ 2023 የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የወለድ ክፍያ የሆነ 33 ሚሊዮን ዶላር መክፈል አቅቷት ዕዳ ማሸጋሸግ ውስጥ የገባች ናት። እንዲህ ላለ አገር ድርቅን ለመቋቋም የሚሰጥ ብድር ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል፤ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ኤሌክትሪክ ይሸጣልና ብድሩን ይከፍል ይሆናል፣ የተራቆተ ተፋሰስን ማልማት ወይም የአርብቶ አደር ውኃ ማቆር ግን ዶላር አያመጣም። ለመቋቋሚያ በ2022 የተመዘገበው 32.4 ቢሊዮን ብቻ መሆኑ፣ ከድምሩ ሩብ ትንሽ የሚበልጥ ማለት ነው፣ በአብዛኛው ከዚሁ የመጣ ነው። አበዳሪ ገቢ ወዳለበት ይሄዳል።

ሌላው የቆጠራ ቀዳዳ የፕሮጀክት ምልክት አሰጣጥ ነው። ለጋሽ አገር ፕሮጀክቱን ሲመዘግብ የአየር ንብረት ዓላማው «ዋና» ከሆነ 2፣ «ጉልህ» ከሆነ 1 ብሎ ይጽፋል። 1 የተጻፈለትን አንዱ አገር 40 ወይም 50 በመቶውን፣ ሌላው 100 በመቶውን ይቆጥራል። ለስንዴ ማከማቻ መጋዘን የተሰጠ ገንዘብ ጣሪያው ላይ ሶላር ስላለው ሙሉ በሙሉ «የአየር ንብረት» ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ከልማት እርዳታ በላይ «አዲስና ተጨማሪ» ይሁን የሚለው የስምምነቱ ቃል ደግሞ መነሻ ዓመት ስላልተበጀለት የሚለካበት መንገድ የለም።

በ2024 ባኩ ላይ አዲሱ ግብ በ2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ሆነ። በሦስት እጥፍ ያደገ ይመስላል። በዓመት 3 በመቶ የዋጋ ንረት ቢታሰብ ግን በ2024 ዋጋ 217 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ልገሳው ስንት ይሁን የሚልም ቁጥር አልተጻፈበትም። ድርድሩ ላይ ለጠቅላላው ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያደረው ወገን ለልገሳው ድርሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ቢችል ይሻል ነበር ብለን እናምናለን።

ገንዘቡ ሲገኝም መንገዱ ረጅም ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደቡብ ኮሪያ ሶንግዶ የሆነው አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ገንዘብ የሚለቀው ዕውቅና ለሰጠው ተቋም ነው፤ በእኛ በኩል የገንዘብ ሚኒስቴር ዕውቅናው አለው፣ በዚሁም በኩል በ2017 ለድርቅ መቋቋሚያ 45 ሚሊዮን ዶላር ጸድቋል፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ ፓምፕ፣ አነስተኛ መስኖና የውኃ ምንጩ ዙሪያ ያለ የተጎዳ መሬት ማዳን ነው ይዘቱ። ፕሮፖዛል የሚወድቅበት ዋናው ቦታ «ይህ የአየር ንብረት ነው ወይስ ተራ ልማት?» የሚለው ጥያቄ ነው። ያንን ለመመለስ የ30 ዓመት የዝናብና የሙቀት መረጃ፣ ከ1991 እስከ 2020 ያለው መደበኛ ወቅት፣ ከአካባቢው ጣቢያ ያስፈልጋል። የእኛ ጣቢያዎች የሚበዙት በከተማና በመንገድ ዳር ነው፤ አርብቶ አደሩ አካባቢ ይሳሳሉ፣ ብዙዎቹም የተቋረጡ ወራት አሏቸው። በሳተላይት ግምት ክፍተቱን መሙላት ይቻላል፣ የሜትዎሮሎጂ ተቋማችንም ሲሠራበት ቆይቷል፤ ሆኖም የሳተላይቱ ግምት ማነጻጸሪያ የሚሆነው መሬት ላይ ያለው የዝናብ መለኪያ ከጠፋ ግምቱም አብሮ ይሳሳታል።

የአየር ንብረት ለውጥ ላደረሰው ጥፋት ስለሚከፍለው የኪሳራና ጉዳት ፈንድ ጥቂት እንበል። በፓሪስ ስምምነት አንቀጽ 8 ኪሳራና ጉዳት ታወቀ፤ አብሮት የጸደቀው ውሳኔ አንቀጽ 51 ግን ይህ ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሳ መሠረት አይሆንም ብሎ ዘጋው። ፈንዱ በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ተወስኖ በ2023 ዱባይ ሥራ ሲጀምር ኤምሬትስና ጀርመን እያንዳንዳቸው 100 ሚሊዮን ዶላር፣ አሜሪካ 17.5 ሚሊዮን ቃል ገቡ። ኤምሬትስ በአባሪ ሁለት ዝርዝር ውስጥ እንደሌለች ቀደም ሲል ጠቅሰናል። ቃል፣ የተፈረመ ውልና ባንክ የገባ ገንዘብ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ዜና ሲሠራ የሚነገረው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው የገንዘብ ዙር በ2025 የተፈቀደው 250 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በልገሳ መልክ፣ ለአንድ ጥያቄ ከ5 እስከ 20 ሚሊዮን፣ ቢያንስ ግማሹ ለድሃ አገሮችና ለትናንሽ ደሴቶች።

በፍርድ ቤት በኩል የ2025 ዓመት ሁለት ነገር አሳይቷል። በግንቦት ወር የጀርመኑ የሃም ፍርድ ቤት፣ ፔሩያዊው ገበሬ ሳውል ሉሲያኖ ዩያ በኃይል አምራቹ አርደብልዩኢ ላይ ያቀረበውን ክስ ውድቅ አደረገ። ጥያቄው ኩባንያው ለዓለም ልቀት ያደረገውን 0.47 በመቶ ያህል ድርሻ፣ ከቤቱ በላይ ያለው የፓልካኮቻ ሐይቅ እንዳይደረመስ ለሚሠራው መከላከያ ወጪ በዚያው ልክ ይክፈል የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ክሱን የጣለው መርሁን ንቆ አይደለም፤ ትልቅ በካይ በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል ተቀብሏል። ክሱ የወደቀው ጎርፉ በሚቀጥሉት 30 ዓመታት በእርግጥ የእሱን ቤት የሚነካበት ዕድል ከመቶ አንድ ገደማ ነው ስለተባለ ነው። በሐምሌ ወር ደግሞ በቫኑዋቱ ግፊት ጥያቄው የቀረበለት የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት፣ መንግሥታት የአየር ንብረቱን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ግዴታውን መጣስ እስከ ሙሉ ካሳ ሊያደርስ እንደሚችል፣ የእያንዳንዱን አገር ታሪካዊና የአሁን ድርሻ ማስላትም በሳይንስ እንደሚቻል አስፍሯል። ካሳ የሚጠይቅ ግን በጥሰቱና በጉዳቱ መካከል በቂ የሆነ ቀጥተኛና እርግጠኛ ትስስር ማሳየት አለበት።

ሁለቱም ውሳኔዎች የሚያመለክቱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ድርሻው ተሰልቷል፣ የጎደለው የጉዳቱ ማስረጃ ነው። በአፍሪካ ቀንድ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ፣ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች እንዲህ ያለው ድርቅ የመከሰቱ ዕድል በሰው ሠራሽ ሙቀት ቢያንስ መቶ እጥፍ እንደጨመረ በ2023 አሳይተዋል። የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ይኸው አለ። የቦረና ከብት ግን እንዴት ተመዘገበ? ከአደጋ በኋላ በሚደረግ ዓለም አቀፍ ግምገማ «ጉዳት» የሚባለው የሞተው ከብት መተኪያ ዋጋ ነው፤ «ኪሳራ» የሚባለው የቀረው ወተት፣ በርካሽ የተሸጠው የከሳ ከብት፣ ለመኖና ለውኃ የወጣው ተጨማሪ ወጪ ነው። ብዙ የወረዳ ሪፖርት ሁለቱን ይቀላቅላል፣ ወይም የሞተውን ብቻ ይቆጥራል። ከዚያ የሚከፋው ዋጋው ነው። ድርቅ ሲጠና የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ እህል ይወደዳል፤ በድርቁ ወር የገበያ ዋጋ የተተመነች ላም ከድርቁ በፊት ከነበራት ዋጋ እጅግ ባነሰ ትመዘገባለች። ትክክለኛው መነሻ ከወቅቱ በፊት የነበረው መደበኛ ዋጋ ነው፤ መረጃውም ከድርቁ በፊት በየገበያው በየወሩ መሰብሰብ አለበት፣ ሲደርስ ተሯሩጦ አይገኝም። የእንስሳቱ ዓይነት፣ ዕድሜና ጾታ፣ ቀበሌው፣ ቀኑና የአቅራቢያው የዝናብ ጣቢያ በአንድ ቅጽ ላይ ካልተገናኙ የፓልካኮቻው ዓይነት ዳኛ ፊት አይቆሙም።

ለጋዜጣችሁ ደግሞ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለን። በፓሪስ ስምምነት መሠረት የበለጸጉ አገሮች በየሁለት ዓመቱ የግልጽነት ሪፖርት ያስገባሉ፤ የመጀመሪያው ቀነ ገደብ ታኅሣሥ 31 ቀን 2024 ነበር፣ ሰንጠረዦቹም ለሕዝብ ክፍት ናቸው። በየፕሮጀክቱ ተቀባዩ አገር፣ መጠኑ፣ ልገሳ ይሁን ብድር፣ ለቅነሳ ይሁን ለመቋቋሚያ ተጽፏል። ኢትዮጵያ የተባለበትን መስመር ፈልጉ። አንድ ኤምባሲ ይህን ያህል ሚሊዮን ለአየር ንብረት ሰጠን ብሎ መግለጫ ሲልክላችሁ፣ ከማተማችሁ በፊት ያንኑ ፕሮጀክት በሰንጠረዡ ላይ አግኝታችሁ ብድር ከሆነ ወለዱንና የእፎይታ ጊዜውን ጠይቁ። የብድሩን ሙሉ ዋጋ መሙላት ግዴታ ነው፤ ከብድሩ ውስጥ ስጦታው ስንት እንደሆነ የሚገልጸው ዓምድ ግን በፈቃደኝነት የሚሞላ ነው። ኤምባሲው ያንን ዓምድ ካልሞላው፣ ለምን እንዳልሞላ ጠይቃችሁ መልሱን ከመግለጫው ጎን አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በአየር ንብረት ፋይናንስና በልቀት ስሌት ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ